አዲስ የአሪልብሬድ አይሪስ ዝርያ ማዳቀልና ማስተዋወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱና ወራቱ «የኢትዮጵያ» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሪልብሬድ አይሪስ ምንድን ነው? ከተራው አይሪስ በምን ይለያል?

የሁለት አይሪስ ወገኖች ድቅል ነው። አንዱ በአሜሪካና በአውሮፓ በየግቢው የሚታየው፣ ታችኞቹ የአበባ ቅጠሎቹ ላይ እንደ ጺም ያለ ጸጉር ያለው ረጅሙ ጺማም አይሪስ ነው። ሌላው አሪል የሚባለው ሲሆን በውስጡ ኦንኮሳይክለስና ረጌሊያ የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። ኦንኮሳይክለስ ከእስራኤልና ከዮርዳኖስ ተነሥቶ በሶርያ፣ በቱርክና በካውካሰስ አድርጎ እስከ ኢራን ይደርሳል። ረጌሊያ ደግሞ የማዕከላዊ እስያ ተራሮች ተወላጅ ነው። ስያሜው የመጣው ከዘሩ ነው። እያንዳንዱ ዘር ጫፉ ላይ እንደ አንገትጌ የተጠመጠመ ነጭ ሥጋማ ነገር አለው፤ አሪል የሚባለው እሱ ነው።

የአሪል አበባ ድቡልቡል ነው። ላይኞቹ ሦስት ቅጠሎች እንደ ጉልላት ይገጥማሉ፤ ታችኞቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ከጺሙ በታች ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ምልክት ይታያል፤ ዙሪያው በቀጫጭን መስመሮችና በነጠብጣብ የተሞላ ነው። ችግሩ ተክሉ በቀላሉ ይበሰብሳል፤ ኦንኮሳይክለስ በአንድ ዘንግ የሚሰጠው አበባም አንድ ብቻ ነው። ጺማሙ በተቃራኒው ጠንካራና ብዙ እምቡጥ የሚይዝ ነው። የአዳቃዩ ሥራ የአሪሉን መልክ በጺማሙ ጉልበት ላይ ማሳረፍ ነው።

በየትኛው አየር ንብረት ይበቅላል? አዲስ አበባ ቢተከልስ?

ራይዞሙ እንደ ዝንጅብል አግድም የሚተኛ ወፍራም ግንድ ነው፤ ስንቁን የሚያጠራቅመው እዚያ ውስጥ ነው። የዱር አሪል በቅዝቃዜው ወራት ያድጋል፣ በጸደይ ያብባል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉን አድርቆ ይተኛል። በተኛበት ውሃ ከጠገበ ይበሰብሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት በሞቃቱ ወራት የሚዘንበው ዝናብ ነው፤ ብርዱን አሪልብሬድ ደህና አድርጎ ይችላል። ላስ ቬጋስ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ዴንቨር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ኒው ሜክሲኮና ደቡብ ካሊፎርኒያም የዚህ አበባ አዳቃዮች ለረጅም ዘመን የሠሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላይ የጁላይ ዝናብና ወበቅ ስላለ ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋል፤ ከአበባ በኋላም ከላይ ግልጽ ላስቲክ መወጠር ሊኖርብዎ ይችላል።

የኢትዮጵያ ደጋ ሁለት እንቅፋት አለው። የመጀመሪያው ዝናቡ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ተክሉ ሊተኛ በሚገባው ጊዜ መሬቱ ይርሳል። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች ለማበብ በተከታታይ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋሉ፤ የደጋው ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል። መሞከር የሚፈልግ ሰው ንጹሕ አሪሉን ይተውና የአሪል ደማቸው አነስተኛ የሆኑትን በማሰሮ ይትከል፤ ማሰሮውን ክረምቱን ሙሉ ከጣራ ሥር ያቆየው። ራይዞምም ሆነ ዘር ወደ አገር ለማስገባት የማስገቢያ ፈቃድና የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አስቀድሞ መያዝ አለበት። ከሁለቱ ዘሩ ይሻላል፤ አፈርም ሆነ ብስባሽ ይዞ አይመጣም።

መደቡ እንዴት ይዘጋጃል?

ከመሬቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ፣ አንድ ሦስተኛው ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር የሆነ አፈር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። የግንበኛ ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፤ ከሸክላ አፈር ጋር ሲገናኝ እንደ ጡብ ይደርቃል። አሪል ኮምጣጣ አፈር አይወድም፤ ፒኤች ከ7 በታች ከሆነ ኖራ ይጨመርበት።

የሚተከለው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። የራይዞሙ ጀርባ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ ወይም በስሱ ብቻ ተሸፍኖ፣ ሥሮቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ በተክልና በተክል መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቀመጣል። አዲስ ሥር እስኪያወጣ ውሃ ይጠጣ። ትኩስ ፍግ ራይዞሙን ያበሰብሰዋልና አይጠጋው።

እስራኤል ሜዳ ላይ ከሚበቅለው የዱር አይሪስ ማምጣት ይቻላል?

አይቻልም። በእስራኤል የዱር አይሪሶች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ መንቀልም መቁረጥም ክልክል ነው። ነታንያ የሚኖሩ አንባቢዎች ከከተማው በስተደቡብ ባለው ጥብቅ ቦታ በአሸዋው ላይ የሚያብበውን ጥቁር ወይን ጠጅ አይሪስ በፌብሩዋሪና በማርች ሄደው ማየት ይችላሉ። እሱ አይሪስ አትሮፑርፑሪያ ነው፤ በባሕር ዳርቻው ከተሞች መስፋፋት መኖሪያውን እያጣ ያለ አበባ ነው። የጊልቦዓው አይሪስ ሃይኒ ደግሞ በማርች ተራራውን ያስጌጣል። ማልደው ከሄዱ ወደ አበባው ውስጥ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። እነዚህ አበቦች ለንብ የሚሰጡት ማር የላቸውም። ወንዶቹ የዱር ንቦች ግን ሌሊቱን በጥቁሩ ዋሻ ውስጥ ያድራሉ፤ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያጓጉዙትም ማደሪያ ሲፈልጉ ነው።

ከዱር የተነቀለ አሪል ግቢ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ይሞታል፤ ስለዚህ ለአዳቃይም አይጠቅምም። ለማዳቀል የሚያስፈልገው ከሕጋዊ አርቢዎች ወይም ከአሪል አይሪስ ማኅበር የዘር ልውውጥ ይገኛል።

ለጀማሪ የትኞቹ ወላጆች ይሻላሉ?

«ግማሽ ደም» የሚባሉትን (ግማሽ አሪል፣ ግማሽ ጺማም የሆኑትን) የሚያፈሩ አሪልብሬዶች ይግዙ፤ እርስ በርሳቸውም ያዳቅሏቸው። አራት ወይም አምስት ዝርያ ይበቃል። ካታሎጉ ላይ ውበቱን ብቻ አይተው አይዘዙ፤ ዝርያው ከዚህ በፊት ልጅ ወልዶ እንደሆነ በአሜሪካ አይሪስ ማኅበር የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ ስሙን ጽፈው ይፈልጉ። እንደ እናት ብቻ የሚሠሩ፣ እንደ አባት ብቻ የሚሠሩ፣ ሁለቱንም የማይሆኑም አሉ። ልጆች የተመዘገቡለት ዝርያ በስንት ዓመት ልፋት የተገኘ ምስክርነት ይዞ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጅግ ውብ የሆነውን ንጹሕ አሪል ገዝቶ ግቢው ካለው ጺማም አይሪስ ጋር በማዳቀል ነው። ዘር ሊገኝ ይችላል፤ ልጁም ሊያምር ይችላል፤ መስመሩ ግን እዚያው ይቋጫል። ምክንያቱ ከታች በክሮሞሶም ጥያቄ ላይ ተብራርቷል።

የማዳቀሉ ሥራ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

የሚያስፈልገው ወረንጦ፣ እርሳስና የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ መለያ ነው። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር የተጻፈ መለያ በሁለት ወር ፀሐይ ይጠፋል፤ የእርሳስ ጽሑፍ ይቆያል። እናት የሚሆነውን አበባ ሊከፈት ሲል፣ እምቡጡ ላላ ብሎ ንብ ሳይገባበት ይምረጡ። ሦስቱን ታችኛ የአበባ ቅጠሎች ይገንጥሉ፤ ንብ የሚያርፍበት ሲያጣ ትቶት ይሄዳል። ከዚያ ሦስቱን ወንዴዎች በወረንጦ ከሥራቸው ነቅለው ያውጡ።

አሁን የቀሩትን ሦስት ክንዶች አንዱን ቀና አድርገው ይመልከቱ። የሴቴው ክንድ ጫፉ ላይ ወደ ላይ የተቀለበሱ ሁለት ክንፎች አሉት፤ ከክንፎቹ ሥር፣ ከታች በኩል፣ እንደ ከንፈር የወጣ ስስ ጠርዝ አለ። ብናኙ የሚቀባው እዚያ ከንፈር ላይ ነው፤ ያውም ወንዴው በነበረበት በኩል ባለው ፊት ላይ ሳይሆን ወደ ክንፎቹ በዞረው ላይ። ከንፈሩ ገና ከክንዱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ አልደረሰም፤ ለቀቅ ብሎ ሲወጣና ሲነኩት ጣት ላይ ያዝ ሲያደርግ ጊዜው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው አበባው በተከፈተ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ጧት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው።

የአባትየውን ወንዴ በወረንጦ ይዘው እንደ ጠመኔ ከንፈሩ ላይ ያሹት፤ ብናኙ ነጭ ወይም ሰማያዊ አሻራ ትቶ መታየት አለበት። ሦስቱንም ከንፈሮች ይቀቡ፤ የዘር ቋቱ ሦስት ክፍል ስላለው ሁሉም ዕድል ይኑረው። መለያው ላይ መጀመሪያ እናትን፣ ቀጥሎ የ× ምልክት፣ ከዚያ አባትን፣ ከሥሩ ቀኑን ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ በመላው ዓለም እንዲህ ነው፤ ከተገለበጠ መዝገብዎ ለሌላ አዳቃይ አይገባውም። መለያው የሚታሰረው ዘንጉ ላይ ሳይሆን ከአበባው ሥር ነው፤ አንድ ዘንግ ላይ ሦስት የተለያዩ ድቅሎች ሊኖሩ ይችላሉና።

አባትየው ቀድሞ ቢያብብስ? ብናኝ ይቀመጣል ወይ?

ይቀመጣል። ወንዴዎቹን አበባው በተከፈተ ዕለት ይልቀሙ፤ በወረቀት ላይ በጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይድረቁ። ከዚያ በትንሽ የወረቀት ፖስታ አድርገው ስሙን ጽፈው፣ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ከትተው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ለጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር ይቆያል፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ በፍሪዘር እስከሚቀጥለው ጸደይ ሊደርስ ይችላል። ከፍሪዘር ሲወጣ ብልቃጡ ሳይከፈት ከክፍሉ ሙቀት ጋር እኩል ይሁን፤ ቀዝቃዛው ብልቃጥ ቶሎ ከተከፈተ ጠል ይይዝና ብናኙ ይፈነዳል። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እርጥቡን ማስቀመጥ ግን ሻጋታ መዝራት ነው።

አዳቀልኩት፣ ግን ቋት አልያዘም ወይም ቋቱ ባዶ ወጣ። ምን አጠፋሁ?

ቋቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጫ ሆኖ ከተሸበሸበ አልያዘም። ዝናብ ከነካው ብናኙ ከፍሬያማነቱ ወጥቷል፤ ንዳዱ ቀን ላይ ከተቀባም ከንፈሩ ቀድሞ ይደርቃል። እነዚህ የእርስዎ ጥፋቶች ናቸው፤ በሚቀጥለው ጧት ሌላ አበባ ላይ ይታረማሉ። አሥር ጊዜ በጥሩ ቀን ሞክረው አንድም ካልያዘ ግን ችግሩ ያለው ከወላጆቹ ነው። አባትና እናቱን ገልብጠው ይሞክሩ፤ በአሪልብሬድ በአንድ አቅጣጫ የሚያፈራ ጥንድ በሌላው ጭራሽ ላያፈራ ይችላል።

ቋቱ አብጦ ውስጡ ገለባ ብቻ መሆኑም የተለመደ ነው። ሽሉ ተፀንሶ ስንቁ ስላልተሠራለት በመሃል ሞቷል። ከአንድ ቋት አምስት ሙሉ ዘር ማግኘት በዚህ ሥራ ጥሩ ቀን ነው።

ቋቱ የሚደርሰው ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አረንጓዴነቱን ለቆ ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ወዲያው ይለቀም። በየቀኑ ማየት የማይችል ሰው በአሮጌ የናይለን ስቶኪንግ ቁራጭ ይጠቅልለው።

ድቅሎቹ ለምን መካን ይሆናሉ?

ዕፅዋት ብናኝና እንቁላል ሲሠሩ ክሮሞሶሞቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው፤ ጥንድ ያጣ ክሮሞሶም ሥራውን ያበላሻል። የዛሬው ረጅም ጺማም አይሪስ 48 ክሮሞሶም አለው፤ ይህም 12 ክሮሞሶም ያለበት ስብስብ አራት ጊዜ ማለት ነው። ኦንኮሳይክለስ 20 አለው፣ 10 ያለበት ስብስብ ሁለት ጊዜ። ሁለቱ ሲዳቀሉ ጺማሙ 24 ይሰጣል፣ አሪሉ 10 ይሰጣል፤ ልጁ 34 ይዞ ይወለዳል። ሃያ አራቱ ጥንድ ያገኛሉ፤ አሥሩ የአሪል ክሮሞሶሞች ግን ብቻቸውን ይቀራሉ። ከፈረስና ከአህያ የምትወለደው በቅሎ ብርቱ ሆና እንደማትወልድ ሁሉ እነዚህም ተክሎች ጠንካራና ውብ ሆነው አያፈሩም።

የዚህ ዋና ምሳሌ በካሊፎርኒያ የተዳቀለውና በ1925 የወጣው «ዊልያም ሞህር» ነው። እናቱ «ፓሪሲያና» የተባለ ጺማም አይሪስ፣ አባቱ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክና ከሰሜን ኢራቅ የመጣው አይሪስ ጌትሲ ናቸው። በመላ ስፋቱ በመስመር የተሞላው ያ አበባ የአዳቃዮችን ሁሉ ልብ ሰረቀ፤ ዘር መስጠቱ ግን የብርቅ ያህል ነበር። ከእሱ ከተገኙት ጥቂት ልጆች አንዱ «ኤልሞህር» በ1945 የአሜሪካ አይሪስ ትልቁን ሽልማት የዳይክስ ሜዳሊያን አገኘ። አንድ ልጅ እንዲህ ሲሳካ ከጀርባው ስንት የባከነ አበባ እንደነበር አይታይም።

መውጫውን ያሰፋው የሬድላንድስ፣ ካሊፎርኒያው ክላረንስ ጂ. ዋይት ነው። የእሱ ግማሽ ደሞች 44 ክሮሞሶም ያላቸው ናቸው፤ ሁለት የአሪል ስብስብና ሁለት የጺማም ስብስብ ማለት ነው፣ 20 እና 24። አሪሉ ከአሪል፣ ጺማሙ ከጺማም ይጣመራል፤ ብቻውን የሚቀር የለም። ስለዚህ ግማሽ ደም ከግማሽ ደም ጋር ሲዳቀል ልጁም 44 ይዞ፣ እንደ ወላጆቹ የሚያፈራ ሆኖ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ተክል የሚገኝበት አንዱ መንገድ አሪሉ አልፎ አልፎ ክሮሞሶሙን ሳይከፍል ሙሉ 20ውን ሲሰጥ ነው።

ግማሽ ደምን ከጺማም ቢያዳቅሉት 22 ከ24 ጋር ተደምሮ 46 ይሆናል። አሁንም አሥሩ የአሪል ክሮሞሶሞች ጥንድ የላቸውም። ይህ «ሩብ ደም» ይባላል፤ በግቢ ውስጥ ከሁሉም የማያስቸግር፣ ብዙ እምቡጥ የሚይዝ ነው። አጫጭሩን 40 ክሮሞሶም ያለውን ጺማም ከግማሽ ደም ጋር ቢያዳቅሉ ደግሞ 42 ያለው፣ ቁመቱ አነስ ያለ፣ ቶሎ የሚያብብ ልጅ ይገኛል። ሁለቱም ለገበያ ጥሩ ናቸው። የነገውን ትውልድ ግን በእነሱ ላይ አይመሥርቱ። ግማሽ ደሞቹን እንደ ዋና ግንድ ይዘው በየጊዜው አንድ ቅርንጫፍ ወደ ጺማሙ ቢልኩ ይሻላል።

ዘሩ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልበቀለም። ልጣለው?

እንዳይጥሉት። የአሪል ዘር በአንድ ዓመት ሁሉም አይበቅልም፤ ጥቂት ዘንድሮ፣ ጥቂት ከርሞ፣ አንዳንዱ ከአሥር ዓመት በኋላም ይወጣል። በትውልድ ቦታው ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሁሉም ችግኝ እንዳያልቅ የሚጠብቀው ይህ ጠባዩ ነው። ማሰሮው ላይ ስምና ዓመት ጽፈው ጥላ ሥር ያቆዩት፤ በየመኸሩ ውሃ ይስጡት።

መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ዘሩን በግድ ያበቅለዋል። ዘሮቹን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በውሃ ይዘፍዝፉ፤ ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፣ እንዳይበቅል የሚይዘው ንጥረ ነገር አብሮ ይወጣል። ከዚያ ነጩን አንገትጌ በጥፍር ገፍፈው ይጣሉ። የሽሉ ጫፍ ያለው ከአንገትጌው ሥር ነው። ዘሩን በጣትና በጣት መካከል አጥብቀው ይዘው፣ በአዲስ ምላጭ ከዚያ ጫፍ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ ይቁረጡ፤ ይመልከቱ፤ ደግመው ይቁረጡ። ውስጡ ግራጫ ነው፤ በመካከሉ የመርፌ ጫፍ የምታክል ንጹሕ ነጭ ነጥብ ስትታይ ያቁሙ፤ ነጥቧ ሽሉ ናት። አንድ ቁራጭ ከጨመሩ ሥሩን ይቆርጡታል።

የተከፈቱትን ዘሮች ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ወረቀት ጠቅልለው በከረጢት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያስቀምጡ። በየሁለት ቀኑ ይፈትሹ፤ የሻገተውን ያውጡ፣ ወረቀቱን ይቀይሩ። ሥር ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወጣል። ሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲሞላ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ይተከል። ጥቂት ዘር ብቻ ያለው፣ በተለይ ስንቁ ያልሞላ ዘር የያዘ ሰው፣ ሽሉን አውጥቶ በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በስኳርና በማዕድን በተዘጋጀ፣ አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ነገር ላይ ማሳደግም ይችላል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ የንጽሕናው ሥራ ግን የላቦራቶሪ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አበባ እስኪያሳይ ስንት ዓመት ይፈጃል? በመካከል ብዙ ጊዜ የሚገድለው ምንድን ነው?

በጸደይ ወደ መደብ የተዛወረ ችግኝ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባል። ከሁሉ በላይ የሚገድለው ለስላሳ ብስባሽ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ከሥሩ ገርጥቶ ሲዘነበል ሳብ ያድርጉት፤ ሳይታገል ከተነቀለና የሚከረፋ ሽታ ካለው ብስባሹ ገብቷል። ራይዞሙን ቆፍረው ያውጡ፤ ገንፎ የመሰለውን ሁሉ በማንኪያ ይፋቁ፣ ጠንካራና ነጭ ሥጋ እስኪደርሱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በርዘው ይጠቡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ በሌላ ቦታ ይተከል።

ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ መድኃኒት የለውም። ቅጠሉ ላይ ገርጣ ያለ ዥንጉርጉር፣ አበባው ላይ ባልተለመደ ቦታ የቀለም ጭረት የታየበትን ተክል ነቅሎ ማስወገድ ነው። ቢላውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳያጸዱ አይውሰዱ።

ከመቶ ችግኝ የትኛውን ላስቀር?

አንዱን ወይም ሁለቱን፤ ብዙውን ጊዜም አንዱንም አያስቀሩም። በመጀመሪያው አበባ ዓመት ማንም ልቡ ይሰበራል፤ የገዛ ልጁ ሁሉ ያምረዋል። ስለዚህ ማወዳደሪያ ይኑርዎ፤ በዚያው መደብ ገበያ ላይ ካሉት ምርጥ ዝርያዎች ሁለቱን ይትከሉ። አዲሱ ከእነሱ በግልጽ የተለየ ወይም የተሻለ ካልሆነ ስም አያስፈልገውም።

ከአበባው በፊት ተክሉን ይመልከቱ፦ በዓመት ስንት አዲስ ራይዞም ጨመረ? ዘንጉ ያለ ድጋፍ ይቆማል? ስንት እምቡጥ ያዘ? ለግማሽ ደም ሦስት እምቡጥ ደህና ነው፤ ከሩብ ደም ግን ከዚያ በላይ ይጠበቃል። አበባው በንፋስና በፀሐይ ስንት ቀን ቆየ? በሦስት ተከታታይ ዓመት ያላበበ ችግኝ ምንም ቢያምር ገዢውን ያስለቅሳል። የመረጡትን ራይዞም የተለየ አየር ንብረት ላሉ ሁለት ሦስት አብቃዮች ይላኩና ምን እንዳሉ ይስሙ። ኒው ሜክሲኮ ላይ የሚፈነጥዝ ተክል ሜሪላንድ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሊበሰብስ ይችላል።

የት ይመዘገባል? ምን ይጠየቃል?

እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ (አምፖል) የሌላቸውን አይሪሶች ስም ለዓለም በሙሉ የሚመዘግበው የአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ነው፤ ይህንን ኃላፊነት የያዘው ከ1955 ጀምሮ ነው። አዳቃዩ የየትም አገር ዜጋ ሊሆን ይችላል። ቅጹ የሚጠይቀው የአዳቃዩን ስም፣ የችግኙን ቁጥር፣ ክፍሉን፣ ቁመቱን፣ የአበባ ወቅቱን፣ የቀለሙን ዝርዝርና ወላጆቹን ነው። አነስተኛ ክፍያም አለው።

የችግኝ ቁጥር የሚሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ለምሳሌ «22-07-ሐ» ቢሉት በ2022 የተደረገ ሰባተኛ ድቅል፣ ሦስተኛ ችግኝ ማለት ይሆናል። ቅጹ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋል። የቀለም መግለጫው ላይ «ውብ» ማለት አይጠቅምም። የላይኛውን ቅጠል ቀለም፣ የታችኛውን ቀለም፣ የምልክቱን ቅርጽና ስፋት፣ የጺሙን ቀለም ከሥሩ እስከ ጫፉ ለየብቻ ይጻፉ። አባቱ ካልታወቀ ያልታወቀ ብለው ይሙሉ። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው መልሱን በሌላ መሸፈን በኋላ በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሁሉ ያሳስታል።

የአማርኛ ስም መስጠት ይቻላል?

ይቻላል፤ ስም ከየትኛውም ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የሚመዘገበው በላቲን ፊደል ስለሆነ አጻጻፉን አንድ ጊዜ አስበው ይወስኑ፤ ከተመዘገበ በኋላ መዝገቡም ካታሎጉም የሚከተለው ያንኑ ነው። «ጸ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ያሉበት ስም በሌላ አገር ገዢ አፍ ላይ ተሰባብሮ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ቃል ያለው፣ አናባቢው ግልጽ የሆነ ስም ይሻላል።

ስሙ ከዚህ በፊት ለሌላ አይሪስ ያልተሰጠ መሆኑን በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ያረጋግጡ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ አይሰጥም። «ምርጡ»፣ «ትልቁ» ዓይነት ማጋነኛም ተቀባይነት የለውም። አንድ ሁለት ተለዋጭ ስም ይዞ መቅረብ ጊዜ ይቆጥባል።

ከተመዘገበ የእኔ ንብረት ሆነ ማለት ነው? ሌላ ሰው ቢያባዛውስ?

ምዝገባ ስሙን ይጠብቃል እንጂ ተክሉን አይጠብቅም። ማንም ገዝቶ አባዝቶ ሊሸጠው ይችላል። በአሜሪካ የዕፅዋት ፓተንት አለ፤ ተክሉ ለሽያጭ ወይም ለሕዝብ ከቀረበ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይሆነው ማመልከቻው መግባት አለበት። ወጪው ግን አንድ አሪልብሬድ ከሚያስገባው ገንዘብ ጋር አይመጣጠንም፤ አብዛኛው አዳቃይ ሳይነካው ያልፋል። ገቢው ያለው ዝርያው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት፣ ራይዞሙ ገና በእጅዎ ብቻ ሳለ ነው።

ምዝገባና ማስተዋወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ዝርያ ወጣ የሚባለው ለሕዝብ በዋጋ በካታሎግ ወይም በማስታወቂያ ሲቀርብና ለመዝጋቢው ሲነገር ነው። ያንን ካላደረጉ ዝርያው በመዝገብ ላይ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለሽልማትም አይቀርብም። ከማውጣትዎ በፊት ቢያንስ 30 የሚሸጥ ራይዞም ይኑርዎ፤ ከዚህም ላይ አምስት ስድስቱን በሁለት የተለያዩ መደቦች ለዘር ያስቀሩ። ዘንድሮ የተዳቀለ አበባ እስከዚህ ለመድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጅበታል።

የአሪል መጠኑ እንዴት ይሰላል? ለየትኛው ሜዳሊያ ነው የሚወዳደረው?

በልማድ የሁለቱ ወላጆች አማካይ ይወሰዳል። ግማሽ ከግማሽ ግማሽ፣ ግማሽ ከጺማም ሩብ፣ ግማሽ ከሩብ ሦስት ስምንተኛ ይሆናል። ግማሽና ከዚያ በላይ አሪል ያላቸው፣ ንጹሕ አሪሎችም ጭምር፣ በክላረንስ ጂ. ዋይት ሜዳሊያ ይወዳደራሉ፤ ከግማሽ በታች የሆኑት በዊልያም ሞህር ሜዳሊያ። ሁለቱም የሚገኙት በማኅበሩ ዳኞች ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ የክብር መጠሪያ፣ ቀጥሎ የብቃት ሽልማት፣ ከዚያ ሜዳሊያው። ዳኞቹ የሚፈርዱት ተክሉ መሬት ላይ ሲያድግ አይተው ስለሆነ ዝርያዎ በብዙ ቦታ ካልተተከለ የሚያየው ዳኛ አይኖርም።

አስቸጋሪው ነገር የትውልድ ስሌቱና ተክሉ በእውነት የያዘው አለመግጠማቸው ነው። «ዊልያም ሞህር» በትውልዱ ግማሽ ነው፤ ከ34 ክሮሞሶሞቹ የአሪል የሆኑት ግን 10 ብቻ ናቸው። የሩብ ደም ልጅ ደግሞ ከእነዚያ ጥንድ ካጡ አሥር ክሮሞሶሞች ሁለት ብቻ፣ ወይም ስምንት ሊወርስ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ቅጹ ላይ ወላጆቹን በትክክል ይሙሉ፤ ክፍሉን ሲመርጡ ግን አበባው ላይ የአሪል ምልክቶች መኖራቸውን ይዩ፦ ከጺሙ ሥር ያለው ጥቁር ምልክት፣ ዙሪያውን የሚሄደው መስመር ወይም ነጠብጣብ፣ ሰፊና የተበተነው ጺም፣ ድቡልቡሉ ቅርጽ። አንዱም የማይታይበት ልጅ በትውልዱ ሩብ ቢሆንም በዳኛ ፊት እንደ ተራ ጺማም አይሪስ ነው የሚቆመው፤ በአሪልብሬድ ክፍል አስገብቶ ድምፅ መጠበቅ አያዋጣም።